ጭነት የፈተናቸው፦ የእስቴ ድልድይና የጋይንት መንገድ

ዓባይ ከጣና ወጥቶ በጢስ ዓባይ በኩል ቁልቁል ከወረደ በኋላ እስቴን በስተግራ፣ ጎጃምን በስተቀኝ እያደረገ ገደል ለገደል ይነጉዳል። በበጋ ረጋ ስለሚል መልካውን የሚያውቅ ሰው ልብሱን ሰብስቦ ይሻገረዋል። ሐምሌ ሲገባ ግን የጉናን አፈርና የእስቴን ማሳ አጥቦ፣ ግንድ ተሸክሞ፣ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ነው የሚመጣው። ያኔ ሞጣ ገበያ የሚውል የእስቴ ሰው እህሉንም በሬውንም ይዞ መስቀልን ይጠብቃል።

በዚህ ወንዝ ላይ ድልድይ ልሥራ ያለ ሰው ሊያስብበት የሚገባው ጭነት ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ከላይ የሚመጣው ነው፤ ሰው፣ በቅሎ፣ ከብት፣ ሠራዊት። ሁለተኛው ከጎን የሚመጣው፣ ውሃው ራሱ ነው። የመጀመሪያውን መገመት ይቻላል። ሁለተኛውን የሚያውቀው በወንዙ ዳር ያረጀ ሰው ብቻ ነው።

የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ በዓባይ ላይ የተሠራው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1626 ገደማ፣ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ አላታ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኖራ ማቃጠልና በኖራ መገንባት በአገሩ ተለምዶ ስለነበር ግንበኞቹ ድንጋዩን በጭቃ ሳይሆን በኖራ አያያዙት። ልጃቸው ዐፄ ፋሲል ሲነግሡ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን የነበሩትን ኢየሱሳውያን ከአገር አስወጡ፤ የኖራውን ጥበብ ግን አላስወጡትም። እ.ኤ.አ. በ1660 ገደማ እስቴን ከሞጣ የሚያገናኘውን ሁለተኛውን ድልድይ በዚያው ጥበብ አሠሩ። ሁለቱንም «የፖርቱጋል ድልድይ» የሚል ጸሐፊ አይጠፋም። ሁለተኛውን ግን ፖርቱጋሎቹ ከሄዱ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ያሠራው ፋሲል ነውና ስሙን ለባለቤቱ መመለስ ይሻላል።

የቅስት ድልድይ ፈተናው የሚጀምረው ገና ሰው ሳይረግጠው ነው። ግንበኛው መጀመሪያ ከእንጨት እንደ ጎባጣ ጣሪያ ያለ ድጋፍ ያቆማል። በላዩ ላይ የተጠረቡትን ድንጋዮች ከሁለቱም ወገን እኩል እየደረደረ ወደ መሃል ይመጣል። በመጨረሻ መሃሉ ላይ የሚቆልፈውን ድንጋይ ይከታል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ክብደቱን ሁሉ የተሸከመው እንጨቱ ነው። ኖራው ጠጥሮ ድጋፉ ሲነሳ ግን እያንዳንዱ ድንጋይ ሊወድቅ ሲል ጎረቤቱን ይገፋል፣ ጎረቤቱም ሌላውን፤ ግፊቱ በቅስቱ ዞሮ ከግራና ከቀኝ ባለው ቋጥኝ ላይ ያርፋል። የሚወድቅ ከሆነ ያኔውኑ ይወድቃል። ያቺን ሰዓት ያለፈ ቅስት በቅሎና ከብት ቢያልፍበት ብዙም አይሰማውም። በላዩ የሚያልፈው ጭነት ከራሱ ከድልድዩ ክብደት ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ እንዲያውም ጭነቱ ድንጋዮቹን ይበልጥ ያጣብቃቸዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ረጅምና ጸጥ ያለ ነው። አሞሌ የጫኑ በቅሎዎች፣ የቅቤ ቅልና የማር እንስራ የተሸከሙ ሰዎች፣ ለግብር የሚነዱ ከብቶች፣ የሚዘምትና የሚሸሽ ሠራዊት ሁሉ በላዩ አለፈ። ዓባይም በየክረምቱ ከሥሩ እየገፋ ሄደ። ድልድዩ ሁለቱንም ቻለ።

ከዚያ ሁሉ ጭነት የሚለይ ጭነት ወደዚህ አገር የመጣው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። የተወለደው ከደብረ ታቦር ጥቂት እልፍ ብላ ካለችው ከጋፋት ነበር። ንጉሡ እዚያ ያሰፈሯቸው ከባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ማኅበር የመጡ ባለ እጅ ሚሲዮናውያን ነበሩ፤ ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ሌሎችም። ከእነሱ ጋር ሞሪትዝ ሆል የሚባል ፖላንዳዊና ቡርጎ የሚባል ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪ ነበሩ። መጽሐፍ ቅዱስ ሊያድሉ የመጡትን ሰዎች ንጉሡ መድፍ አፍሱልኝ አሏቸው። አናውቅም አሉ። ንጉሡ ይህን መልስ አልወደዱትም። ከእነሱ በፊት የሞከረው ፈረንሳዊ ምድጃው ከሽፎበት ነበር፤ እነሱም እየሠሩ፣ እየከሸፈባቸው፣ እንደገና እየሠሩ ተማሩ። ትናንሾቹ መድፎች በንጉሡ ፊት ተተኩሰው ታዩ፤ የንጉሡ ደስታ ወሰን አልነበረውም ይባላል።

የመጨረሻው ትልቁ ሞርታር ነው። ስሙን ሴባስቶፖል አሉት፤ እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ከሩስያ ጋር የተዋጉበት የክራይሚያ ከተማ ስም ነው። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነው። አንዳንድ ጽሑፍ ላይ «70 ቶን» የሚል ይገኛል። 70 ኩንታል ቢባል ያስኬዳል፤ 70 ቶን ግን ዛሬም በተሳቢ መኪና በዚያ ዳገት የሚወጣ ነገር አይደለም።

መድፍ እንደ ድልድይ አይደለም፤ ጭነቱ ከውስጥ ነው የሚመጣው። ባሩዱ ሲፈነዳ አረሩን ወደፊት ይገፋል፤ ግድግዳውንም ወደ ጎን ይገፋል። ሲፈስ አየር ገብቶበት ውስጡ እንደ ዳቦ ቀዳዳ የያዘ ናስ ከውጭ ሲያዩት የማይለይ፣ ሲተኩሱት የሚሰነጠቅ ነው። ለዚህ ነው በዚያው ዘመን ለንደን አጠገብ ባለው በዉልዊች የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ማንኛውም መድፍ ለሠራዊቱ ከመሰጠቱ በፊት ከተለመደው አብልጦ ባሩድ እየጎረሰ ይተኮስ የነበረው። የሚፈነዳ ከሆነ በፋብሪካው ግቢ ይፈንዳ፣ በጦር ሜዳ አይሁን ነው ነገሩ። ስለ ሴባስቶፖል ግን ሰው የሚያወሳው ጉተታውን እንጂ ተኩሱን አይደለም።

ጉተታው የተጀመረው በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጊዜ የንጉሡ ግዛት ከሰፈራቸው ብዙ የሚያልፍ አልነበረም። ምኒልክ ከንጉሡ የተራራ ምሽግ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ነግሠዋል፤ ዋግሹም ጎበዜ በላስታ በኩል ሸፍተዋል፤ ጎጃምም ከእጅ ወጥቷል፤ በጌምድርም አኩርፏል። የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮንና ሊያስፈታው የመጣው ራሳም መቅደላ ታስረው ነበር፤ የእንግሊዝ ጦርም በቀይ ባሕር በኩል ሊወርድ መሆኑ ተሰምቷል። ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጠሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑን ብቻ አስቀሩ። ከዚያ ሠራዊቱን፣ ሴቱን፣ ሕፃኑን፣ ምርኮኛውን፣ ባለ እጆቹን፣ በሰረገላ የተጫኑትን መድፎችና ሴባስቶፖልን ይዘው መቅደላን ግብ አድርገው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጋይንት አቀኑ።

ወሩን ልብ ይሏል። መስከረም ላይ ሰማዩ ይጠራል እንጂ የጉና ሥር መሬት ገና የክረምቱን ውሃ አልጨረሰም። ጥቁሩ መረሬ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይሰነጠቃል፤ ሲርስ ግን በሬ እንኳ ይውጣል። በዚህ ላይ 7 ቶን በጥቂት እግረ ሰረገላ ላይ ሲያርፍ የሚሆነውን ማንም ገበሬ ያውቀዋል። ሰውና በቅሎ የሚሄድበት የእግር መንገድ ለዚህ አይሆንም። ሰረገላ ቀጥ ያለ ዳገት አይወጣም፤ ወደ ገደሉ ያጋደለ መንገድ ላይ አይቆምም፤ ጠባብ ኩርባ ላይ አይዞርም። ስለዚህ መንገዱ ከመድፉ ፊት ፊት እየተሠራ ነበር የሚሄደው። ቋጥኝ በባሩድ ይፈለጣል፤ ጉድጓድ በድንጋይ ይሞላል፤ ተዳፋቱ ይቆረጥና በውጪው በኩል በደረቅ ካብ ይደገፋል። ንጉሡ ራሳቸው ወርደው ድንጋይ ይሸከሙ እንደነበር የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። ንጉሥ ድንጋይ ሲያነሳ ቆሞ የሚያይ መኮንን አይኖርም።

እኔን የሚደንቀኝ የዚህ ሥራ ዘዴ ነው። ዛሬ መሐንዲስ መንገድ ሲሠራ አፈሩን ይፈትሻል፣ ደልዳዩን ይደለድላል፣ ከዚያ የከበደ መኪና አስነድቶ የሚሰምጥ ቦታ እንዳለ ያያል። የቴዎድሮስ መንገድ ፍተሻው ከሥራው አልተለየም። የሠሩት ሃምሳ ክንድ በቂ መሆኑን የሚነግራቸው ከኋላ የሚመጣው ሴባስቶፖል ነው። ካቡ ከተናደ በዚያው ይካባል፤ እግረ ሰረገላው ከሰመጠ በዚያው ይሞላል። ያልቻለው ስፍራ ሁሉ በዚያው ቀን ታውቆ በዚያው ቀን ስለሚጠገን፣ ከኋላ የቀረው መንገድ ሁሉ 7 ቶን የቻለ መንገድ ነበር።

የጊዜው ዋጋ ግን ከባድ ነው። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ጭነት የሌለው መንገደኛ በሳምንት አካባቢ የሚደርስበትን ሠራዊቱ ስድስት ወር ያህል ፈጀበት፤ ሲካፈል በቀን ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙ የሚያልፍ አይደለም። አንድ ቦታ ብዙ ቀን የሚያድር ሠራዊት ያንን አገር ይጨርሳል። የጋይንት ገበሬ እህሉን ጉድጓድ ቀበረ፣ ከብቱን ወደ ቆላ አወረደ፤ ያልቻለው ተዘረፈ። ሠራዊቱም በየሌሊቱ እየከዳ ሳሳ። ስለ ሴባስቶፖል ሲወራ ይህ ወገን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። መንገዱ የተሸከመው መድፉን ነበር፤ ያን ሁሉ ሰው የተሸከመው ደግሞ የጋይንት ጎተራ ነው።

ዛሬ ንፋስ መውጫ ከተማ ያለችበት ደጋ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል። ኅዳርና ታኅሣሥ እዚያ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ከጋይንት ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ መሬቱ ወደ ዋድላ ደጋ ከመውጣቱ በፊት በገደል ይቆረጣል፤ አሁን አስፋልቱ በጨጨሆ በኩል እየተጠማዘዘ የሚያልፈው ይህንኑ ግንብ የመሰለ አፋፍ ነው። ሠራዊቱ በዚያ በኩል አቀበቱን ወጥቶ በጥር ወር ቤተ ሆር ደረሰ። ከቤተ ሆር ማዶ ደላንታ ይታያል፤ ወፍ ብትሆን ቅርብ ነው። በመካከሉ ግን የጅጣ ሸለቆ አለ፤ ጥልቀቱ 1,000 ሜትር ያህል ነው።

አቀበት ያደክማል፤ ሰው የሚገድለው ግን ቁልቁለት ነው። ሽቅብ ሲጎተት ሰው ቢደክም ከእግረ ሰረገላው ሥር ድንጋይ ወርውሮ ያርፋል። ቁልቁል ሲወርድ የሚጎትተው መድፉ ነው። ስለዚህ ጎታቾቹ ዞረው ከኋላ ይሆናሉ፤ ጠፍሩንና ገመዱን በወገባቸው አስረው፣ ተረከዛቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ክንድ በክንድ ይለቁለታል። አንድ ጠፍር ቢበጠስ የሱ ድርሻ ወዲያው በሌሎቹ ላይ ይወድቃል፤ ሁለተኛው ከተበጠሰ ሦስተኛው አይቆይም። በገመድ የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ መበጠስ የሚጀምረው ጭነቱ በድንገት ሲነጥቅ ነው። ሴባስቶፖል ግን ወርዶ ጅጣን ተሻገረ፤ በየካቲት ደላንታ ላይ ወጣ። በመጋቢት ወደ በሽሎ ወንዝ ወረደ፤ ተሻግሮም አሮጌ በሚባለው ስፍራ በኩል ወደ መቅደላ አምባ መውጣት ጀመረ። በዚያን ጊዜ ከሰንሰለት የተፈታው ራሳም የመጨረሻውን ጉተታ ቆሞ አይቷል። እንግሊዛውያን ጸሐፊዎች ሞርታሩን ዳገት ላይ ለመሳብ 500 ሰው ያህል ያስፈልግ እንደነበር ጽፈዋል።

በዚያው ሳምንታት ሌላ ጭነት ከሰሜን እየመጣ ነበር። የጄኔራል ናፒየር ጦር ዙላ ላይ ወርዶ፣ ከባሕሩ ዳር እስከ ተራራው ሥር የባቡር ሐዲድ ዘርግቶ፣ በሺህ የሚቆጠር በቅሎና ግመል አሰልፎ፣ ከህንድ ያመጣቸውን 44 ዝሆኖች አስከትሎ ወደ ደቡብ ገሠገሠ። የእንግሊዞቹ ዘዴ ከቴዎድሮስ ዘዴ ጋር ፍጹም የተቃረነ ነው። እያንዳንዱ እንስሳ የሚችለው ጭነት ተለክቶ ታውቋል። የአርምስትሮንግ መድፍ በርሜሉ ግማሽ ቶን እንኳ አይሞላም፤ በርሜሉን አንድ ዝሆን፣ እግሩን ሌላ ዝሆን ይሸከመዋል። ቀላሎቹ የተራራ መድፎች ደግሞ ተፈታትተው በበቅሎ ይጫናሉ። ጭነቱን ለመንገዱ ልክ ከፋፈሉት። ሴባስቶፖል ግን በአንድ የፈሰሰ አንድ አካል ነውና አይከፋፈልም፤ ስለዚህ መንገዱ ለጭነቱ ልክ እንዲሆን ግድ ሆነ።

ሁለቱ ሥራዎች የተገናኙት ቤተ ሆር ላይ ነው። በጠባብ የእግር መንገድ ሲቸገር የመጣው የእንግሊዝ ጦር እዚያ ሲደርስ ንጉሡ የሠሩትን ሰፊ መንገድ ተዘርግቶ አገኘው። ወደ ጅጣ የወረደውና ወደ ደላንታ የወጣው፣ ዝሆኖቹም የሄዱበት በዚያው መንገድ ነው። ከጦሩ ጋር የመጣው የጂኦግራፊ ሰው ክሌመንትስ ማርካም በኋላ በጻፈው ታሪክ ይህንን መንገድ አድንቆ አይጠግብም። ቴዎድሮስ ለመድፋቸው የሠሩት መንገድ ጠላታቸውን አፋጥኖ አመጣባቸው። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ያለ ጭካኔ አለው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ዓርብ ስቅለት ነበር። የቴዎድሮስ ጦር ከአምባው ወርዶ አሮጌ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተጋጠመ፤ ከላይ መድፎቹ ይተኩሱ ጀመር። በስማቸው «ቴዎድሮስ» የተባለው ትልቅ መድፍ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ከመጠን በላይ ጎርሶ ነበር ይባላል። በዉልዊች ግቢ ሊፈነዳ የሚገባው ዓይነት መድፍ በጦርነት ቀን ፈነዳ። የቴዎድሮስ የጦር አዛዥ ፊታውራሪ ገብርዬ በዚያ ቀን ወደቁ፤ 700 ያህል ኢትዮጵያዊ ሞተ። ሚያዝያ 6 ቀን ናፒየር መቅደላን ሲሰብር ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው በሽጉጣቸው ራሳቸውን ገደሉ።

እንግሊዞች ከመውጣታቸው በፊት መድፎቹን ሰባበሩ፤ መቅደላንም አቃጠሉ። ሴባስቶፖል ግን ዛሬም እዚያው አምባው ላይ ነው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው፤ ያኛው ከወጣበት አልወረደም።

መንገዱ ከዚያ በኋላ ባለቤት አጣ። ደረቅ ካብ በየዓመቱ ሰው ካልጠገነው ክረምቱ ይንደዋል፤ ሰረገላ በሌለበት አገር ደግሞ ማን ብሎ ይጠግነዋል። ገበሬው ወደ እግር መንገዱ ተመለሰ።

ከመቅደላ 11 ዓመት በኋላ በባሕር ማዶ የሆነውን እዚህ ላይ ማውሳት ያስፈልጋል፤ ለሚቀጥለው የእስቴ ታሪክ ይጠቅመናል። በስኮትላንድ የቴይ ወንዝ አፍ ላይ ብሪታንያ የተመካችበት ረጅም የባቡር ድልድይ ተሠራ። ከመከፈቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1878፣ የመንግሥት መርማሪ መጥቶ እያንዳንዳቸው 73 ቶን የሚመዝኑ ስድስት ሎኮሞቲቮች አያይዞ በላዩ አስነዳ። ድልድዩ ፈተናውን አለፈ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 1879 ምሽት ኃይለኛ ነፋስ ነፍሶ፣ ድልድዩ በላዩ ያለውን የመንገደኞች ባቡር እንደያዘ ወደቀ፤ 75 ያህል ሰው አለቀ። ከላይ የሚመጣውን ጭነት ፈትሸው ነበር። ከጎን ለሚመጣው ግን በቂ ስሌት አላደረጉም።

ወደ ዓባይ እንመለስ። በእስቴና በሞጣ መካከል ያለው የፋሲል ድልድይ ለብዙ ትውልድ ካገለገለ በኋላ በጣሊያን ወረራ ዘመን ጠላት እንዳይሻገርበት ተብሎ ቅስቱ እንደተቆረጠ ይነገራል። ሕዝቡም ሰባራ ድልድይ አለው። ቅስት እንደ ሰንሰለት ነው፤ መሃሉ ሲጎድል የግራው ወገን የሚደገፍበት የቀኝ ወገን ያጣል። ያም ሆኖ የቀሩት ግንቦች በኖራቸውና በቋጥኛቸው ተይዘው ቆሙ፤ በመሃል ግን ክፍተት ሆነ፣ ከሥሩ ዓባይ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ድልድዩን የጠገነው የለም። ሰው ግን መሻገር አልተወም። በዚህ በኩል አሥር ያህል ወንዶች ይቆማሉ፣ በዚያ በኩልም እንደዚያው። ገመድ በክፍተቱ ይወጠራል። ተሻጋሪው በብብቱ ሥር ይታሰርና ከዳሩ ይለቃል፤ የማዶዎቹ ይስባሉ፣ የወዲህኞቹ ቀስ እያሉ ይለቃሉ። ሰውየው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ እግሩ የማዶውን ድንጋይ እስኪረግጥ ድረስ የሚያምነው ያረጀውን ገመድና የማያውቃቸውን ሰዎች ክንድ ነው። ዕቃም በዚያው ይሳባል። የሳቢዎቹ ሥራ የእጅ ዋጋ ያለው ሥራ ነበር። ገመዱ የሚፈተሸው ሰው ታስሮበት ነው፤ ቀድሞ ድንጋይ አስሮ የሚሞክር ጊዜ ያለው ገበያተኛ የለም። ይህ ነገር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቀጠለ።

በዚያ መሃል በሰሜን በኩል ጋይንት ትልቅ መንገድ አገኘች። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1971 ቻይናን ጎብኝተው ማኦን ካገኙ በኋላ በመጣው ርዳታ ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር፣ በንፋስ መውጫና በጋሸና በኩል ወልድያ የሚደርሰው መንገድ ተጀመረ፤ የተሠራው በደርግ ዘመን ነው። ያገሩ ሰው እስከ ዛሬ «ቻይና መንገድ» ይለዋል። ከጉና ሥር እስከ ዋድላ አፋፍ ያለው መስመር በቴዎድሮስ መንገድ አካባቢ የሚሄድ ነው፤ ያገሩ አቀማመጥ ለከባድ ጭነት የሚሰጠው ምርጫ ጥቂት ነውና ሊሆን የሚችለውም ይኸው ነው። ሴባስቶፖልን የሚያህል ጭነት ዛሬ አንድ መለስተኛ አይሱዙ በላዩ ጭኖ ንፋስ መውጫ ቁርስ በልቶ ያልፋል። የእስቴ ቆላ ሰው ግን ያን መንገድ የሚያየው ከሩቅ ነው፤ ለሞጣ ገበያ የሚያስፈልገው ወንዙን መሻገሪያ ነበር።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ስለ ዓባይ አንድ ረጅም ጽሑፍ አወጣ። ከፎቶግራፎቹ አንዱ ኔቫዳ ዊየር የተባለች ፎቶግራፈር ሰባራ ድልድይ ላይ ያነሳችው ነበር፤ በሁለቱ ወገን ገመድ የሚስቡ ሰዎች፣ በመሃል የተንጠለጠለ ሰው። በሚቀጥለው ዓመት ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ የግንባታ ሥራ ተቋራጭ መኪናው እስኪጠገን ሲጠብቅ ያንን መጽሔት አነሳ። ፎቶውን አይቶ ይህን እኔ ልጠግነው እችላለሁ አለ፤ ከወንድሙና ከጓደኞቹ ጋር ሆኖም ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የሚባለውን ድርጅት አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ2002 የብረት ድልድዩ ቁርጥራጭ በአህያና በሰው ትከሻ ገደሉን ወርዶ በፋሲል ግንቦች መካከል ተገጠመ። የእስቴና የጎጃም ሰው ከአህያውና ከጭነቱ ጋር በእግሩ ተሻገረ። ገመድ ሳቢዎቹም ሥራቸው ቀረ።

ብረቱ ሰውና አህያ ቻለ፤ የሚያሰጋ ነገር አልነበረበትም። እ.ኤ.አ. በ2005 ክረምት ግን ዓባይ ከተለመደው በላይ ሞላ። ውሃው የብረቱ ወለል ድረስ ደረሰና ከነግንዱ፣ ከነደለሉ ከጎን ገፋው፤ ነቅሎም ወሰደው። የፋሲል ግንበኞች ያንን ክፍተት ሲሸፍኑት በቅስት ነበር፤ ቅስት መሃሉ ከፍ ብሎ ለሙላት ቦታ ይተዋል፣ ድንጋዩም በክብደቱ ይቆማል። የብረቱ ወለል ቀላልና ጠፍጣፋ ነበር። ቀላልነቱ ለአህያ ጀርባ ተመርጦ፣ ለወንዙ ተመቸው።

ገመዱ ተመለሰ፤ ሳቢዎቹም እንደዚያው። ድርጅቱ ግን አልሸሸም። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሮጌው ግንብ ላይ ከመጠገን ይልቅ ከፍ ብሎ ከዳር እስከ ዳር የሚዘረጋ ተንጠልጣይ ድልድይ ሠራ። በውሃው ውስጥ የሚቆም እግር የለውም። የብረት ገመዶቹ በሁለቱም ወገን በተቀበረ ኮንክሪት ይታሰራሉ፤ ጭነቱ ሁሉ መጎተት ሆኖ ወደ መልሕቁ ይሄዳል። እዚህ ላይ የሚፈተሸው ገመዱ መሃል ላይ ምን ያህል እንደሚረግብ ነው። ከመጠን በላይ የተወጠረ ገመድ ባዶውን ያምራል፣ ሰው ሲበዛበት ግን ውጥረቱ ይከብደዋል፤ በልክ የረገበ ገመድ ሰው ሲወጣበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ይሸከማል። ስሌቱ የሚሠራው አንድ ሰው ሲሄድበት ታስቦ አይደለም፤ ገበያ ሲፈታ ሰው ከዳር እስከ ዳር ሲሞላው ታስቦ ነው፤ ገመዱም የዚያን ጭነት እጥፍ አልፎ እንዲችል ሆኖ ይመረጣል።

ከዚያ ወዲህ ድርጅቱ በብዙ አገሮች፣ በተለይም በሩዋንዳ፣ በመቶዎች የሚቆጠር የእግረኛ ድልድይ ሠርቷል። የቦታ ጥናቱ አሠራር የሚጀምረው በወንዙ ዳር ያሉትን ነዋሪዎች፣ በተለይም ሽማግሌዎቹን፣ «ውሃው በዕድሜህ እስከየት መጥቶ ያውቃል?» ብሎ በመጠየቅ ነው። የሚያሳዩት ድንጋይ ወይም ዛፍ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ የድልድዩ ወለል ከዚያ ምልክት በብዙ ክንድ ከፍ ማለት አለበት፤ ከዚያ በታች የሚያወርደው ንድፍ አይጸድቅም።